ሳይታደስ የቀረው ደብተር

የአማርኛ መምህራችን ለዘንድሮው መጽሔት አንዳንድ ነገር እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ገሚሱ ስለ ጣና ገዳማት፣ ገሚሱ ስለ ፎገራ ላም፣ ሌላውም ስለ ሩዛችን ለመጻፍ ተስማማ። እኔ የመረጥሁት ግን ከኪስ የማይተርፍ አንድ ደብተር ነው። አንባቢዎቼ ሆይ፤ ርእሱ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁ አትፍረዱብኝ። በዚህ ደብተር ምክንያት ባለፈው ዓመት በቤታችን የደረሰውን ከነጥፋቴ እነግራችኋለሁ።

ደብተሩ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የአባልነት ደብተር ነው። በውስጡ የአያቴ፣ የሴት አያቴና የእኔ ጉርድ ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። እናቴ ለሥራ በባሕር ዳር ስለምትኖር ያደግሁት ከወላጆቿ ጋር ነው። መንደራችን ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። እኔ በወረታ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እማራለሁ፤ ዓርብ ማታ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ እሑድ ስንቄን ይዤ እመለሳለሁ። በዚህ ገጽ ላይ ፊደል ያልጠፋው እኔ ብቻ ስለሆንሁ የቤቱ ጸሐፊ ነኝ። አያቴም በመሠረተ ትምህርት ዘመን ማንበብ ተምረው ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይናቸው ደክሟል። መነጽር ደግሞ መድኑ ከማይሸፍናቸው ነገሮች አንዱ ነው።

አያቴን ጎረቤቱ ሁሉ «ወታደሩ» ይላቸዋል። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ. ም. ታወጀ፤ እሳቸውም በ1976 ዓ. ም. ገና የሁለት ዓመት ልጅ አባት ሳሉ ተጠርተው ሄዱ። በአዋጁ መሠረት አገልግሎቱ ስድስት ወር ሥልጠናና ሁለት ዓመት ግዳጅ ነበር፤ ጦርነቱ ግን ስላልለቀቃቸው ሰባት ዓመት ቆዩ። መጋቢት 1980 ዓ. ም. አፍዓበት ስትያዝ የመድፍ ፍንጣሪ ቀኝ ባታቸውን መታው። አሥመራ ታከሙ፤ ሐኪሞቹም ትልቁን አውጥተው ትንሹን «ይቀመጥ» ብለው እንደተዉት ይናገራሉ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድመው የሚያውቁት በእግራቸው ነው። በበጋ ጊዜ ሲገኝ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው እግራቸውን ይነክራሉ፤ ይህንንም ከሐኪም መድኃኒት ሳያስበልጡት አይቀሩም።

በ1983 ዓ. ም. መንግሥት ሲለወጥ ከ450 ሺህ በላይ የሆነው የቀድሞ ሠራዊት ተበተነ። ሠራዊቱንና በጦርነት አካላቸው የጎደለባቸውን የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተመሠረተ። አያቴ ስንዴና የመመለሻ መሳፈሪያ አግኝተው ወደ ፎገራ ገቡ፤ በሬ ጠምደውም ገበሬ ሆኑ። ኮሚሽኑ ሥራውን ፈጽሞ ከተዘጋ እነሆ ብዙ ዘመን ሆነው። ጡረታ እንዳያገኙ ሕጉ ቢያንስ ዐሥር ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ የእሳቸው ሰባት ነው። በግዳጅ ላይ መቁሰላቸውን የሚያስረዳ የሐኪም ወረቀት ነበራቸው። እርሱንም ነሐሴ 1998 ዓ. ም. ርብ ሞልቶ ሜዳውን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከሣጥናቸው ጋር ውሃ ወሰደው። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም ነበር፤ ነገር ግን ስለዚያ ወረቀት ብዙ ጊዜ ሲነገር ስለሰማሁ ያየሁት ያህል ይመስለኛል።

ስለዚህ ነገር ማሰብ ከጀመርሁ በኋላ ሌሎች ዘማቾች እንዴት እንደሚታከሙ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። በአሜሪካ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች ብቻ ያሠራቸው ሆስፒታሎች አሉ። ባለመብቱ ግን መመዝገብና አድራሻው ወይም ገቢው ሲለወጥ ማስታወቅ አለበት፤ እንግዲህ ወረቀት መከታተል በሀብታም አገርም አይቀርም ማለት ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ ከ1943 እስከ 1945 ዓ. ም. በቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመቱትን አባቶች አዲስ አበባ ያለው ኮሪያውያን የሠሩት ሆስፒታል በነፃ ያክማቸዋል። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ሣቁ። «እኛንም ኮሪያ አልረሳንም፤ ሩዙን ማን አመጣው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በሻጋና በጅግና የገበሬ ማኅበራት ሩዝን ያስለመዱት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ቃኘው የተዋጋው ከሰሜኖቹ ጋር መሆኑን ብነግራቸው ደግሞ «ሩዝ ወገን አይለይም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

አያቴን የሚያሳክማቸው እንግዲህ የወታደርነታቸው መብት አይደለም፤ የገበሬነታቸው ነው። በ2003 ዓ. ም. ይህ መድን በአገሪቱ ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች መካከል ሦስቱ በአማራ ክልል ነበሩ፤ እነርሱም ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና የእኛው ፎገራ ናቸው። ለመንግሥት ሠራተኞችና ለጡረተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ አፈጻጸሙ ለብዙ ዓመታት ሲገፋ ኖሯል። በተፈጸመም ቢሆን ጡረታ የሌለውን አያቴን አይደርሳቸውም ነበር። የእኛ ደብተር አሠራር ግን ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ የድሃ ድሃ ለሆኑት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሰው ሲታመም መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። የሩዙ አዝመራ ተሰብስቦ በገበሬው እጅ ገንዘብ በሚገኝበት በበጋው ወራት ደብተሩ ይታደሳል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ያላደሰ ሰው ዐሥር ዓመት ቢከፍልም እንዳልከፈለ ይቆጠራል።

ጥር 2017 ዓ. ም. አያቴ ሩዝ ሸጠው ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡኝና «ቅዳሜ ቀበሌ ሄደህ አሳድስ፤ እኔ ሰልፍ መቆም አልችልም» አሉኝ። ገንዘቡን አጥፌ በደብተሩ ገጾች መካከል አደረግሁት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰልፉ ረጅም ሆኖ ስላገኘሁት ተመለስሁ። በሁለተኛው ከጎረቤት ቀበሌ ልጆች ጋር የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበረን፤ እኔም በረኛ ነበርሁ። በሦስተኛው ፈተና ስለደረሰ ወረታ ቀረሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ምክንያት ለመስጠት አይደለም፤ ምክንያት የሚባል ነገር ስላልነበረኝ ነው። የካቲት አለቀ። ደብተሩን ከነገንዘቡ ወደ አያቴ ሣጥን መልሼ አስገባሁትና ዝም አልሁ። «አሳደስህ?» ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። እሳቸው ግን አምነውኝ ስለነበረ አልጠየቁኝም።

ግንቦት ሲገባ የአያቴ ባት አበጠ። አሮጌው ቁስል አመረቀዘ፤ ትኩሳትም ያዛቸው። እንደ አጋጣሚ ቅዳሜ ስለነበረ ባጃጅ ተከራይተን እኔና አያቴ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። እኔ በመንገዱ ሁሉ የማስበው ስለ እግራቸው ሳይሆን ስለ ደብተሩ ነበር፤ ይህንንም ስጽፍ አፍራለሁ። በካርድ ክፍል ያለችው ሴት ደብተሩን ስትገልጠው ያ የታጠፈ ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። የመጨረሻውን ማኅተም አይታ «አባ፤ ይሄ እኮ የአምናው ነው፤ ዘንድሮ አልታደሰም» አለቻቸው። አያቴ ገንዘቡን አዩ፤ ከዚያም እኔን አዩኝ። እኔ አፌን ልከፍት ስል እሳቸው ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን ከደብተሩ ጋር አስቀምጬ ረሳሁት። እርጅና ነው» አሏት። ሴትዮዋም አዝና፣ ጊዜው ስላለፈ አሁን መክፈል እንደማይቻል ነገረቻቸው። ያን የመዋጮ ገንዘብ ለካርድና ለመድኃኒት ከፈልነው፤ እርሱም አልበቃም።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካቸው። በራጅ ሲታይ በ1980 ዓ. ም. «ይቀመጥ» የተባለው ፍንጣሪ ቦታውን ለቆ ወደ ቆዳው ቀርቦ ነበረ። በቀዶ ሕክምና አወጡት፤ ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም። ለራጁ፣ ለአልጋውና ለመድኃኒቱ ሴት አያቴ ጊደሯን ሸጠች። ጊደሯ የፎገራ ዘር ነበረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ትወልዳለች ብላ ወተቷን ገና ሳይታለብ ለእኔ የትምህርት ወጪ መድባው ነበር። ደብተሩ ታድሶ ቢሆን ኖሮ ጊደሯ ዛሬ ከበረታችን ነበረች።

አያቴ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ብቻችንን ሆነን ሳለ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «በጦር ሜዳ ጥበቃ ላይ የተኛ ወታደር ስንት አይቻለሁ፤ አንተም ተኛህ፤ ተወው» አሉኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ፍንጣሪውን በፋሻ ጠቅልለው ሰጥተዋቸው ነበር፤ በሣጥናቸው አስቀምጠውታል። ውሃ ከወሰደው ወረቀት ይልቅ ይህ ሳይሻል አይቀርም እያሉ ይቀልዳሉ፤ ነገር ግን ብረቱን ተቀብሎ መብት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልሰማሁም።

እኔ ግን ልተወው አልቻልሁም። ምክንያቱም ሴት አያቴ እስከ ዛሬ ድረስ ጊደሯ በተነሣች ቁጥር አያቴን «የአንተ መርሳት» ትላቸዋለች። እናቴም ከባሕር ዳር ስትመጣ እንደ ሕፃን ትቈጣቸዋለች፤ ገንዘብ እንዳይዙም ከለከለቻቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። አንድ ቀን እውነቱን ለመናገር ብድግ ስል በዓይናቸው አስቀመጡኝ። በቤት ውስጥ እንዳልናገር ከልክለውኛል፤ በመጽሔት እንዳልጽፍ ግን አልከለከሉኝም። እናቴ ይህን መጽሔት በየዓመቱ ከዳር እስከ ዳር ታነበዋለች። እማዬ፤ የረሳው አባትሽ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ጥር 2018 ዓ. ም. ምዝገባው በተጀመረበት በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደረስሁ። አያቴም እግራቸው ስለተሻላቸው «አብሬህ እሄዳለሁ» ብለው በትራቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ደብተሩን ማደስ ብቻ ሳይሆን ማስተካከልም ነበረብን፤ ዕድሜዬ 18 ስለሞላ ከእንግዲህ በቤተሰቡ መዋጮ አልታቀፍም፤ ለእኔ ተጨማሪ ይከፈላል። ይህን አስቀድሜ ስላላወቅሁ የያዝነው ገንዘብ ጎደለ። እኔ ዘንድሮ እንድቀር ሐሳብ ባቀርብ አያቴ አልሰሙኝም፤ ከሰልፉ ወጥተው ከአንድ ጎረቤታቸው ተበድረው መጡ።

መዝጋቢው አዲስ ቅጽ አውጥቶ ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት እያለ ጠየቀ። «ሥራ?» ሲል እኔ «ገበሬ» አልሁ። አያቴ ከኋላዬ ሆነው «የቀድሞ ወታደር ብለህ ጻፍ» አሉት። ልጁ በእኔ ዕድሜ ያለ ነው፤ ቀና ብሎ አያቸውና በትሕትና «አባቴ፤ ለእሱ ቦታ የለውም» አላቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «እሺ፤ ገበሬ በለው» አሉት። ማኅተሙን መታበት።

ወደ ቤት ስንመለስ ደብተሩን ተቀብለው ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀኑንም እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብሁላቸው። ማታ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው በክር አሠሩትና፣ ርብ ቢሞላ እንዳይደርስበት ብለው ከሣጥኑ አውጥተው ከጣራው ማገር ላይ ሰቀሉት።