ጭሱስ የት ሄደ?

በከተማችን ብዙ ሳሎኖች ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል አይጠፋም። በፍየል ቆዳ ወይም በሸራ ላይ የተሠራ ነው፤ ጎጆ ቤት ውስጥ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቡና ስታፈላ ወይም እንጀራ ስትጋግር ያሳያል። ጀበናው፣ ሞሰቡ፣ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሁሉም በየቦታው ነው። እኛም ቤት አለ።

ምድጃ በእኛ ዘንድ ማብሰያ ብቻ አይደለም። ትዳር የያዘ ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ይባላል፤ ድስት በሁለት ድንጋይ አይቆምምና። ሠዓሊዎቹ እሳቷን መሐል አድርገው ሰውን ሁሉ ዙሪያዋን የሚያስቀምጡት ለዚህ ይመስለኛል። ጥቂት ቀይ ቀለም ጠብ ሲያደርጉ ቤት፣ እናት፣ አብሮ መብላት ሁሉ ይመጣል። ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንም ጠቅልለው በሻንጣ የሚወስዱት ይኼንኑ ነው።

እናቴ ከአገር ቤት የመጣች ጊዜ ሥዕሉን ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «ጭሱስ የት ሄደ?» አለች። «መስኮት በሌለው ጎጆ እንዲህ ነጭ ለብሶ የሚጋገር ቢሆን ኖሮ እኔ ይኼን ዓይን አመጣ ነበር?»

ዕድሜዋን ሙሉ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ስትጋግር የኖረች ናት። ዓይኗ ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ ሳሏም አይለቃትም። የማገዶ ጭስ ዓይንንና ሳንባን እንደሚጎዳ ሐኪም ሲነግራት አልተገረመችም።

ያን ቀን በስልኬ ሌላ ሥዕል አሳየኋት። ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1885 የሣለው «ድንች ተመጋቢዎቹ» ነው። አምስት ገበሬዎች በደብዛዛ የዘይት መብራት ሥር ድንች ይበላሉ። እጃቸው አጥንት ብቻ ነው፤ ጨለማው ጥላሸት የጠጣ ይመስላል። ሠዓሊው ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የገበሬ ሥዕል ጭስ ጭስ ቢል፣ የድንች እንፋሎት ቢሸት ነውር የለውም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። እናቴ ይህን ሳልነግራት፣ «እነዚህስ ሲሠሩ የዋሉ ናቸው» አለች። በስተቀኝ ቡና የምትቀዳዋን ሴት ደግሞ አዘነችላት።

የእኛን ሠዓሊዎች አልወቅስም፤ ገዢው የሚናፍቀውን ይሠራሉ። ግን ጭሱ ሲጠፋ የጋጋሪዋም ድካም አብሮ ይጠፋል። እንጀራውን የበላን ልጆቿ ደግሞ ያንን ሥዕል እያየን፣ «እንዴት ደስ ይላል!» እንላለን።

እኔና ወንድሞቼ አሁን ገንዘብ አዋጥተን ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ልናሠራላት ነው። እሷ ግን ገና እሺ አላለችም።

«የሣሩን ጣራ ከተባይ የሚጠብቀው ጭሱ አይደል እንዴ?» ትላለች።