ጉዞ ወደ ጭላሎ

ከአዳማ ተነሥተን የአዋሽን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ፥ በዴራና በኢተያ አድርገን ወደ ደጋው ወጣን። የግራሩ ሜዳ ቀርቶ የስንዴው ማሳ ተተካ፤ የጭላሎም ተራራ በስተምሥራቅ ደመና ተከናንቦ ታየን። አሰላ ስንደርስ፥ ይህ ሁሉ አዝመራ በዝናም ብቻ የተገኘ አለመሆኑን አስታወስን።

በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከስዊድን መንግሥት ጋር ተስማምቶ በጭላሎ አውራጃ፥ በአጭር ስሙ ካዱ የተባለውን የልማት ሥራ ጀመረ። ዘሩ በቁሉምሳ እየተፈተነ፥ ከማዳበሪያ ጋር ለገበሬው በብድር ይሰጥ ነበር። አዝመራው በረከተ፤ የመሬቱም ዋጋ ከፍ አለ። ነገር ግን ሥራው የታሰበው ለድኻው ገበሬ ሲሆን፥ ብዙውን ጥቅም ያገኘው ባለመሬቱ ሆነ። ትራክተር በገባበት እርሻ ጭሰኛ አላስፈለገምና፥ ብዙ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው፥ አባቶቻቸው ሲያርሱት ከኖሩት መሬት ለቀው ሄዱ። እህሉ በበዛበት አገር የእነርሱ ጎተራ ባዶ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ። ሆኖም አስቀድሞ የተበተነውን ቤተ ሰብ አዋጅ ብቻውን ሊሰበስበው አይችልም።

ስለዚህ ለድኻ አገር ልማት የሚያስብ ሹም፥ ዘሩን ከማደሉ በፊት መሬቱ በማን እጅ እንዳለ ይመርምር። ማዳበሪያ እህልን ያበዛል፤ የበዛው እህል ወደ ማን ቤት እንደሚገባ የሚወስነው ግን ሕግ ነው።