ልብ አንጠልጥሎ ወዴት?

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ማንበብ በእኛ ዘንድ ከደረጃ ዝቅ የሚያደርግ ነገር ሆኗል። ሰው ፊት ሲነበብ ሽፋኑ ወደ ጭን ይዞራል። «ምን እያነበብሽ ነው?» የተባለችውም «ኧረ ዝም ብዬ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ» ትላለች። እኔ ሽፋኑን አላዞርም። ያለፉትን ሁለት ወራት ሩዋንዳ ካለችው ጠባብ ክፍሌ ውስጥ፣ አውሮፕላን ጣሪያዬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው እያለፈ፣ የስለላውንም የወንጀሉንም የተአምሩንም ሳገላብጥ ከርሜያለሁ። አንዳንዶቹ ለሁለተኛ፣ አንዳንዶቹም ለሦስተኛ ጊዜ ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ድርሰት የፈረንጅ ውሰት ነው የሚሉ አሉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውን፣ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራውን ልብ ወለድ ልብ ብለው ቢያዩት ይህን ባላሉ ነበር። አባት ይማረካል፤ ወንድም ውለታ ከፋይ ሆኖ ሲንከራተት በባርነት ይሸጣል፤ እኅት የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች፤ ጭራሽ አንዲት ሴት በወንድነቷ ትወዳታለች። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ልብ አንጠልጣይ ከየት ይምጣ? የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ ጀምሮ ማንነቱን ደብቆ የሚሮጥ ሰው ነበረበት ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የማስቀምጠው ግን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው። ስብሰባውና የዘመቻው ዝግጅት አንዳንድ ቦታ ይረዝምብኛል፤ ይህን ብል የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉኝ። ሆኖም ጋዜጠኛው ፀጋዬ አስመራ ገብቶ ፊያሜታን ካገኛት በኋላ መጽሐፉ ከእጅ አይወርድም። ማን ለማን እንደሚሠራ የማይታወቅበት ከተማ ውስጥ ፍቅርም ራሱ መጠርጠር አለበት። የተኩሱ ድምፅ ብቻውን አያስጨንቀኝም፤ የሚያስጨንቀኝ «ይህቺ ሴት እውነቷን ይሆን?» የሚለው ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ የውጭ አንባቢ እጅ ገብቷል። የደራሲው መጨረሻ ግን በየትኛውም ቋንቋ አልተጻፈም።

ወደ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ልለፍ። በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ ነክተው የማያውቁ ልጆች ታክሲ ውስጥ ሲያነቡት ይታዩ ነበር፤ ይህ ውለታው አይካድም። የጣናን ገዳማትና የባሕር ማዶ ሰላዮችን አንድ ጀልባ ላይ ማሳፈርም ድፍረት ነው። የምጣላው በአንድ ነገር ነው። ባለታሪኩ ማጥ ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ ያልሰማነው መሣሪያ ወይም ያልተነገረን ጥበብ ከተፍ ብሎ ያወጣዋል። ተአምርም ሕግ አለው። የአያቶቻችን ተረት ውስጥ ያለው ጅብ እንኳ የሚችለውና የማይችለው ተለይቶ ይታወቃል። ሁሉን የሚችል ባለታሪክ ቢጠፋብኝ አላለቅስለትም። በዚህ ረገድ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» ይሻለኛል። ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠና የኖረ የሥነ ምህዳር ምሁር ስለሆነ ይመስለኛል፣ ምሥጢሩን በእግር ያስኬደናል፤ አይቸኩልም።

የጎደለን የመንደሩ ወንጀል ነው። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመችው የሮጀር አክሮይድ ግድያ ታሪክ ውስጥ ሁሉም የሚተዋወቅባት አንዲት ትንሽ መንደር አለች፤ የሰው ጉዳይ የምታነፈንፍ ሴትም አለች። ይህ ለእኛ ብርቅ ነው? ከብት ሲሰረቅ፣ ጎጆ ሲቃጠል መንደርተኛውን ሜዳ ላይ ሰብስቦ የሚያወጣጣ አውጫጭኝ ነበረን። መድኃኒት ጠጥቶ ሌባው ደጃፍ ሄዶ ይወድቃል የተባለ ሌባ ሻይም ነበረን። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህንኑ የሸንጎ ምርመራ ይዞ «አፈርሳታ» የሚል ልብ ወለድ ቢጽፍም የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሰላይ ሞልቶናል፤ የጎረቤቱን ነገር የሚመረምር ሰው ግን እምብዛም አላገኘሁም። ምክንያቱ የደራሲ ስንፍና አይመስለኝም። እኛ ሠፈር ማን እንዳደረገው ከለቅሶው ድንኳን ሳይነሡ ይታወቃል። የሚታጣው ተናጋሪው ነው። «ማን ገደለው?» ለእኛ ቀላሉ ጥያቄ ነው፤ «ማን ይመስክር?» የሚለውን የያዘ ደራሲ ቢመጣ ግን አንድ ትልቅ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እማዬ የወንጀል መጽሐፍ ስትይዝ መጀመሪያ የምትገልጠው መጨረሻውን ነው። «ተገኝቷል?» ነው ጥያቄዋ። ከተገኘ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ ካልተገኘ መልሳ ትሰጠኛለች። ታላቅ ወንድሟ በ1970 ዓ.ም. አንድ ቀን ጠዋት ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። አስከሬን የለም፤ መቃብር የለም፤ ወሰድኩት ያለም የለም። አያቴ እስክትሞት ድረስ የውጭው በር በሌሊት እንዲቀረቀር አልፈቀደችም። «ኦሮማይ»ን እማዬ ግማሽ ድረስ አንብባ አጥፋ አስቀመጠችው። «ታሪኩ ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «የጻፈውስ ሰውዬ?»

መጨረሻውን ቀድሞ ማየት የንባብን ጣዕም ያጠፋል እያልኩ ስከራከራት ኖሬያለሁ፤ አሁንም ይህንኑ እላለሁ። ለዚህም ነው አክሮይድን ከእንግሊዝኛው እያነበብኩ ማታ ማታ በቃሌ የምተርክላት፤ መጨረሻው እኔ እጅ ነው። ምዕራፍ አሥር ደርሰናል። የሟቹን ዘመዶች አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ሳስረዳት ቡናዋን አስቀምጣ፣ «ቆይ እስቲ፣ ያቺ ቤት ሠራተኛ ምን አለች? እሷ የምታውቀው ነገር አለ» ትለኛለች።