ግድግዳ ያጣች ዲንሾ

ናፈቀኝ ጭጋጉ። ናፈቀኝ የባሌዋ ዲንሾ ብርድ፣ ጣት የሚያደነዝዘው፣ ብሩሽ የሚያስጥለው።

አዲስ አበባ ላይ ከአዳራሽ አዳራሽ እዞራለሁ፣ ከሙዚየም ሙዚየም። ሥዕል ሊያይ መጣ ይሉኛል። አገሬን ነው የምፈልጋት፣ ደጋዬን።

አምስት ኪሎ ገባሁ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ማረፊያ አላት። ስድስት ኪሎ ወጣሁ፤ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እንኳ እንዳለ ተጠብቋል። አፍሪካ አዳራሽ ወረድኩ፤ የአፈወርቅ ተክሌ መስታወት ፀሐይ ሲያገኘው ይነዳል፣ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ውብ ነው፣ እመሰክራለሁ።

የጋይሳይ ሜዳ ግን የለም። የሳነቴ አምባ የለም። ጭቁኝ የለም፣ ሽታው ልብስ ላይ የሚያድረው።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ዘንድ ስደርስ እግሬ አልነሣ አለኝ። ሐረር ተወለደ፤ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ አረፈ። ሥዕሎቹ ከጀርመን ተመለሱ፣ በስሙ ቤት ተከፈተ። እሱ አልተመለሰም። ቆሜ ቀረሁ እዚያ፣ ቀለሙ አለ፣ እጁ የለም።

ዲንሾስ?

አለች ሙዚየም፣ በባሌ ተራሮች ፓርክ ቅጥር ግቢ፣ ከጽዱና ከኮሶው ሥር። ትንሽ ናት፣ ቀዝቃዛ ናት። የራስ ቅል አለ፣ ቀንድ አለ፣ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ አውሬ አለ።

አገሬ የገባሁ ጊዜ የደጋ አጋዘኑ ፊት ቆምኩ። በዓይኖቹ መሐል ነጭ መስመር፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ነጥብ፣ አንገቱ ሥር ነጭ ነጠላ የጣለ ይመስላል። ቀንዱ ተጠማዝዞ ወጥቷል። ዓይኑ አይጨፈንም። ጆሮው አይሰማም።

ከደጅ ያው አጋዘን በሕይወት ይግጣል፣ ጭጋጉ ያለብሰዋል፣ ጭጋጉ ይገፍፈዋል። ይህን ግራጫ፣ ይህን አረንጓዴ፣ ይህን ሁለቱንም ያልሆነ ቀለም ማን ሣለው? ወዴት ሰቀለው?

አውሬው ቦታ አለው፤ ደግ ነው። እናቴ ግን የለችም። በፈረስ ጀርባ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ገበያ የምትወርደው እናቴ፣ የለችም በግድግዳው። የወይብን ወንዝ የሚሻገሩት እረኞች የሉም። በጎች የሉም። ጢሱ የለም፣ ከጎጆው ጣሪያ ቀስ ብሎ የሚተንነው።

በመስከረም 2016 ዩኔስኮ የባሌ ተራሮችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ደስ አለኝ። ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም፤ ተራራው ተመዘገበ፣ ሰዉስ? እያልኩ። ሰዉስ?

እንዴት ልርሳው ያን ብርድ? ወዴት ልስቀለው ያን ናፍቆት? ሸራዬን ጠቅልዬ ይዣለሁ፣ ቀለሙ ደርቋል፣ ማሳያ የለኝም።

ሮቤ ያላችሁ፣ ጎባ ያላችሁ፣ ዲንሾ ባዶ ቤት የምታውቁ፣ አንድ ክፍል ስጡን። ሥዕሉን እኛ እናመጣለን።