የጠዋቷ ውሃ



አባቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መኪናው ቤቱም ነው፤ ከመቀመጫው ኋላ ይተኛል፣ ቡናውን ጥላው ሥር ያፈላል። ባለፈው ክረምት በረዳትነት አብሬው ተጓዝኩ። ከሱብሒ በኋላ ጎማ ማየት፣ የሞተር ዘይት መለካትና የፍሬኑ አየር ከሚጠራቀምበት ጋን ውሃ ማፍሰስ የእኔ ሥራ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ከአየሩ ጋር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ጋኑ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ውሃው ሲበዛ የአየሩን ቦታ ይይዛል፣ ቫልቮቹንም ያበላሻል።

ሚሌ ባደርን ማግስት እንቅልፍ አሸነፈኝ። «ውሃውን አፈሰስከው?» ሲለኝ «አዎ አባ» አልኩት። ጥቂት እንደሄድን ሆዴ አላስችል አለኝና እውነቱን ነገርኩት። ዳር ይዞ ቆመ። አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ቫልቩን ሲከፍተው ዘይት የተቀላቀለበት ውሃ ፈሰሰ።

«ልጄ፣ ሲደክምህ ደከመኝ በለኝ፤ እኔ አፈሰዋለሁ። በፍሬን ግን አትዋሸኝ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ካልያዘ አደጋ ነው» አለኝ።

ካምፓስ ከተመለስኩ ወዲህ፣ በግሩፕ ሥራ ያልነካሁትን «ጨርሻለሁ» ልል ስል ያ ውሃ ትዝ ይለኛል።