የወዳጅ መኪና

መቼም የእኛ አገር መኪና እንደ መሬት ነው፤ ዕድሜው ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው በወጣችበት ቀን መርከስ ትጀምራለች አሉ። እኛ ዘንድ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ መኪኖችን ማስገባት አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እናም የጎረቤትዎ አሮጌ ኮሮላ ግቢ ውስጥ ቆማም ታተርፋለች።

እንግዲህ በዚህ ዘመን ነው አንድ የእድራችን አባል፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከቀብር ስንመለስ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «መኪናዋን ልሸጣት ነው። ዓይኔ እምቢ አለኝ። አንተ ብትወስዳት ደስ ይለኛል» ያሉኝ። የጠሩልኝ ዋጋ ደላላ ከሚጠራው በመቶ ሺህ ብር ያንሳል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተጠራጠርኩ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ተራኪው የነገራችሁን ብቻ አትመኑ፤ ያልነገራችሁን ፈልጉ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ለምን አረከሷት? ሞተሯ ተከፍቶ ይሆን? ተጋጭታ ይሆን? የባሰው ችግር ደግሞ መካኒክ ይዤ ልምጣ ለማለት ማፈሬ ነው። ሃያ ዓመት አብረን ድንኳን የተከልን ሰዎች ነን። «አላመንኩዎትም» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

በመጨረሻ መላ መጣልኝ። አንድ የማውቀውን መካኒክ «የእህቴ ልጅ ነው» ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ቡና ተፈላ። ጋሼ ጠርዙ የተበላ ደብተር አመጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀን ከነኪሎ ሜትሩ፣ ጎማ የተገዛበት፣ የፍሬን ሸራ የተለወጠበት፣ ሁሉም እንደ ሂሳብ መዝገብ ተሰምሮ ተጽፏል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ጉድለቶች» የሚል ርዕስ አለ። የኋላው ግራ መስኮት በእጅ ካልተደገፈ አይዘጋም። ፍሪሲዮኑ ዘንድሮ መቀየር አለበት። ዝናብ ሲበረታ በሾፌሩ በር ውኃ ይገባል። አንብበውልኝ ሲጨርሱ የምገባበት ጠፋኝ።

«የእህቴ ልጅ» ግን ሥራውን አልረሳም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ መኪና ያባውን ደግሞ ዳገት ነው የሚያወጣው። ወደ እንጦጦ ወጣን። ጭስ የለም፤ ሙቀቷም ከልኩ አላለፈም። ስንመለስ ግን ልጁ የፊት ቀኝ ጎኗን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «እዚህ ጋ ስቱኮ አለው። ተጋጭታ ነው የተቀባችው» አለ።

ዝም ተባለ። ጋሼ ደብተሩን አገላበጡ። የለም። ፊታቸው ሲለዋወጥ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ይሄኔ ባለቤታቸው ጀበናውን አስቀምጠው፣ በሳቅና በእፍረት መሃል፣ «እኔ ነኝ» አሉ። በ2001 ዓ.ም. ጋሼ ለሥራ ክፍለ ሀገር በሄዱበት ሳምንት መኪናዋን ከግቢ ሲያወጡ ከበሩ ብረት ጋር አላትመዋት ኖሯል። ባል ሳይመለስ አስጠግነው፣ አስቀብተው፣ ይኸው እስከ ዛሬ።

ጋሼ ሚስታቸውን አዩ፤ ልጁን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ለመሆኑ እህትህ መቼ ነው መካኒክ የወለደችው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አፍሬ ነው።»

«የሚያሳፍረው መደበቅህ ነው። እኔ የማውቀውን ነገርኩህ፤ የማላውቀውን ከየት አመጣለሁ? መካኒክ ነው ብትለኝ ኮፈኑን እኔው እከፍትለት ነበር።» እስክርቢቶ አወጡና «ጉድለቶች» ሥር አንድ መስመር ጨመሩ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ እኔ ደግሞ ጥርጣሬዬን በደግነት ልክስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ወረፋ አይጠብቁ። ለጊዜው በውክልና እነዳታለሁ፤ ስሙን ቀስ ብለን እናዛውረዋለን» አልኩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። እሳቸው ግን ተቆጡ። «ውክልና ከወካዩ ጋር ነው የሚሞተው። እኔ ነገ ባልፍ ከልጆቼ ጋር ፍርድ ቤት ልትገናኝ ነው? ሰው ብትገጭስ በሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን ነው?» በማግስቱ ውልና ማስረጃ ተሰልፈን እሳቸውም ባለቤታቸውም ፈረሙ።

እኛ ወዳጅነትን የምንገልጸው ባለመጠየቅ ነው። ለጓደኛ ስናበድር ወረቀት አንጽፍም፤ ከዘመድ ስንገዛ አገላብጠን አናይም። ጉዱ ሲወጣ ታዲያ ብሩም ዘመዱም ይጠፋል። እስቲ አስቡት፤ ያን ዕለት ባላስመረምር ኖሮ የስቱኮውን ነገር የምሰማው ከዓመት በኋላ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር። የወይዘሮዋ ሳቅ አብሮት አይመጣም። ጋሼን በልቤ አታላይ አድርጌ፣ ድንኳን ሥር ራቅ ብዬ እቀመጥ ነበር። እሳቸውም ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ይሞቱ ነበር።

ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ፍሪሲዮኑን አስቀይሬ ቀኑን ከነኪሎ ሜትሩ ጽፌአለሁ። ጋሼን የዓይን ሐኪም ዘንድ የማደርሳቸው በዚችው መኪና ነው። ገና ቀበቶ ሳያስሩ፣ «አዲስ ጉድለት አለ?» ይሉኛል። ካለ እነግራቸዋለሁ።