ቻታኑጋ፦ ከልጅ ልጅ ጋር የሚሻገሩት ድልድይ

ልጆቻችሁን ለመጠየቅ አትላንታ ከሄዳችሁ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቀውን ቻታኑጋን ሳታዩ አትመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው የቴነሲ አኳሪየም ሕፃናቱን በዓሣ ያስደምማል። ከ1895 ጀምሮ የሚሠራው በገመድ የሚሳብ ባቡር የሉክአውት ተራራን ዳገት ያወጣችኋል፤ በተራራው ሆድ ውስጥም 44 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ አለ።

የዎልነት ስትሪትን ድልድይ ግን በእግር ተሻገሩት፤ ዛሬ የእግረኛ ነው። በ1906 ኤድ ጆንሰን የተባለውን ጥቁር ወጣት፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣቱን አግዶለት ሳለ፣ ረብሸኛ ሕዝብ ከእስር ቤት አውጥቶ እዚሁ ሰቀለው። ፍርዱ የተሻረው በ2000 ነው፤ በ2021 ደግሞ ከሁለቱ ጠበቆቹ ጋር ሐውልት ቆመለት።

የልጅ ልጃችሁ «ማነው?» ብሎ ከጠየቀ በዝምታ አትለፉት። በዚያ አገር የሚያድገው እሱ ነውና፣ እውነቱን ከእናንተ አፍ ይስማ።